የግዕዝ ቁጥርን ለፓይተን ማስነበብ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን መጻሕፍት፣ የጋዜጣ ቁርጥራጭና የድሮ ሳንቲም ሲሰበስቡ ኖረዋል። ዝርዝሩ በእጃቸው በጻፉት ደብተር ላይ ነው። የልጅ ልጃቸው ደብተሩን ኤክሴል ላይ ገለበጠችው። ጋሼ ዓመተ ምሕረቱንም፣ ቅጹንም፣ ገጹንም የጻፉት በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ እሷም እንዳለ በግዕዝ ቁጥር አስገባችው። ጎበዝ ልጅ ናት። ምንጩ እንዴት እንደተጻፈ ሳይነካ መገልበጡ ትልቅ ነገር ነው።

የኔ ድርሻ ዝርዝሩን መፈለጊያ ያለው ዳታቤዝ ማድረግ ነው። «ከ1950 እስከ 1966 የታተሙትን አሳየኝ» ሲባል ማሳየት አለበት። ለዚያ ደግሞ ፲፱፻፷፮ የሚለው ጽሑፍ 1966 የሚባል ቁጥር መሆን አለበት። ኮዱን የምጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ይህን ከሳጥኑ አውጥቶ አይሰጥም። የሚሰጠው እንዲያውም የሚያሳስት ነገር ነው። ተመሳሳይ ሥራ የያዘ ሰው ብዙ እንዳይለፋ መንገዱን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት

ፋይሉ በሲኤስቪ (ኮለሞቹ በነጠላ ሰረዝ በተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) መጣ። ኮለሞቹ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓ.ም.፣ ቅጽ፣ ገጽ እና ማስታወሻ ናቸው። ቀላሉ ቅጽ ስለሚመስል ከሱ ጀመርኩ። አብዛኛው ፩፣ ፪፣ ፫ ነው። መጽሔቶቹ ጋ ሲደርስ ብቻ ፲፪፣ ፳፭ ይላል።

እንዲህ ዓይነት ኮለም ሲገጥም ሁሉም ሰው የሚጽፋት የታወቀች ኮድ አለች። ጽሑፉ አሃዝ መሆኑን በ«ኢዝዲጂት» ትጠይቃለህ። አዎ ካለህ በ«ኢንት» ወደ ቁጥር ትቀይረዋለህ። አይደለም ካለህ እንደ ጽሑፍ ታሳልፈዋለህ። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ በተጻፈ ቁጥር ላይ ይህቺ ኮድ ችግር ፈጥራ አታውቅም።

እዚህ ግን ፫ ሲመጣ «ኢዝዲጂት» አዎ ይላል። ወዲያው «ኢንት» ያንኑ ፫ ተቀብሎ «ይህ ቁጥር አይደለም» የሚል ቫልዩ ኤረር ያወጣና ፕሮግራሙ ይቆማል። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ፊደል፣ ሁለት መልስ።

፲፪ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «ኢዝዲጂት» ፲ን አሃዝ አይደለም ይላል። ስለዚህ ፲፪ መቀየሪያው ጋ ሳይደርስ እንደ ተራ ጽሑፍ ያልፋል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

እንግዲህ በአንድ ኮለም ውስጥ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ፕሮግራሙን ይጥሉታል፤ ከ፲ በላይ ያሉት ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ ቁጥርነታቸውን ያጣሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። የወደቀ ፕሮግራም ራሱ ይጮሃል፤ ትሰማዋለህ። ዝም ብሎ ያለፈውን ግን ዳታው ሌላ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው የምታውቀው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ምክንያቱ

ፓይተን ስለ ፊደላት የሚያውቀውን የሚያውቀው ከዩኒኮድ ሠንጠረዥ ነው፤ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር መለያ ቁጥር ከሚሰጠው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሮቻችንም አብረው ገብተዋል። ሠንጠረዡ እያንዳንዱን የቁጥር ምልክት ከሦስት ዓይነት በአንዱ ይመድባል።

የመጀመሪያው ዴሲማል ነው። ከ0 እስከ 9 ሙሉ ስብስብ ያለው፣ በቦታው ዋጋ የሚነበብ አሃዝ ማለት ነው። ሁለተኛው ዲጂት ነው። የአንድ አሃዝ ዋጋ አለው፣ ግን በቦታ ዋጋ አይነበብም። ሦስተኛው ኑሜሪክ ነው። ዋጋ አለው፣ አሃዝ ግን አይደለም።

ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ዲጂት ተብለው ተመድበዋል። ከ፲ እስከ ፺፣ ፻ እና ፼ ኑሜሪክ ናቸው። ዴሲማል የሆነ አንድም የለንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዜሮ የለንም። ዩኒኮድ ዴሲማል የሚለው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተከታትሎ የተቀመጠ ስብስብን ብቻ ነው።

«ኢዝዲጂት» ዴሲማልንም ዲጂትንም ያሳልፋል። «ኢንት» ግን ዴሲማልን ብቻ ነው የሚያነበው። ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛ ጠያቂም አለ፣ «ኢዝኑሜሪክ»፤ እሱ ሦስቱንም ዓይነት አዎ ይላል። በዐረብ አገራት የመኪና ሰሌዳ ላይ የሚታዩትን አሃዞች ወይም የሕንዶቹን ለ«ኢንት» ብትሰጠው ያለ ችግር ይቀበላል፤ ዜሮ ስላላቸው ዴሲማል ናቸው። ሜትር ካሬ ሲጻፍ ከላይ በትንሹ የምትቀመጠው 2 ግን ልክ እንደ ፪ ትወድቃለች። እሷም ዲጂት ናት እንጂ ዴሲማል አይደለችም።

እኔ «ኢንት» ፲፱፻፷፮ን አለማንበቡን አልቃወምም። በቦታ ዋጋ ልንበበው ቢል የሚያወጣው ነገር ትርጉም አይኖረውም ነበር። እምቢ ማለቱ ታማኝነት ነው። የማልስማማው «ኢዝዲጂት»ን የ«ኢንት» በር ጠባቂ አድርጎ በየትምህርቱ ማስተማሩን ነው። የ«ኢንት» ትክክለኛ በር ጠባቂ «ኢዝዴሲማል» ነው። የማንኛውንም ተጠቃሚ ግብዓት የምትቀበል ከሆነ፣ የግዕዝ ቁጥር አገኛለሁ ብለህ ባታስብም እንኳ፣ ይህን ዛሬውኑ ቀይር። አንድ ሰው ዕድሜ በሚለው ሳጥን ውስጥ ፭ ብሎ ቢጽፍ ፕሮግራምህ ይወድቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የማይሠሩ አቋራጮች

የራስህን አንባቢ ከመጻፍህ በፊት ዓይን የሚስቡ አቋራጮች አሉ። ሁሉንም በ፲፱፻፷፮ ላይ ሞከርኳቸው።

ፓይተን «ዩኒኮድዴታ» የሚባል ሞጁል አለው። «ኑሜሪክ» የሚለው ፋንክሽኑ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ በትክክል ይነግርሃል፦ ፲ አሥር፣ ፱ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ ስልሳ፣ ፮ ስድስት። ድምር ነው ብለህ ብትደምራቸው 185 ይወጣል። ፻ የሚደመር ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን የሚያበዛ ነውና።

ዋጋዎቹን ጎን ለጎን ብትደረድር 109100606 ታገኛለህ።

«ኢዝዲጂት» ያላለፈውን አበጥረህ ብትጥል ደግሞ ከ፲፱፻፷፮ የሚተርፍህ ፱፮ ብቻ ነው። ፳፻ ከሆነ ምንም አይተርፍም፤ ባዶ። ስልክ ቁጥር ለማጽዳት ብዙ ሰው የሚጠቀምባት ማበጠሪያ ይህችው ናት።

በፓንዳስ፣ ሠንጠረዥ በሚያስኬደው የፓይተን መሣሪያ፣ የሚሠራ ሰው «ቱ ኑሜሪክ»ን ይጠራል። ስህተቱን በባዶ ተካ የሚለውን አማራጭ ከጨመረበት ግዕዙ ሁሉ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት) ይሆናል። እዚያው ኮለም ላይ በተለመደው አሃዝ የተጻፈ 1966 ካለ ደግሞ 1966.0 ሆኖ ይወጣል፤ ናን ያለበት ኮለም ወደ አስርዮሽ ስለሚቀየር። የጋሼ የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ መስመር ኮድ ባዶ ሳጥን ይሆናል ማለት ነው። ይቺን አማራጭ በምንጭ ዳታ ላይ አልጠቀምባትም። ወይ ይነበብ፣ ወይ ይጩህ።

እሑድ፣ አንባቢው

ወደ መሠረቱ ተመለስኩ። ቁጥሮቻችን መልካቸው ከግሪክ ፊደላት የመጣ ነው፤ ከላይና ከታች መስመር ተደርጎላቸው። አሠራራቸው ግን የራሳቸው ነው። ከ1 እስከ 99 ድምር ነው፦ አሥር ቤቱ፣ ከዚያ አንድ ቤቱ። ፻ ከፊቱ ያለውን በመቶ ያበዛል። ፼ ከፊቱ ያለውን ሁሉ በአሥር ሺህ ያበዛል። ከፊታቸው ምንም ከሌለ እንደ አንድ ይቆጠራል። የሺህ ምልክት የለም። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ «አሥራ ዘጠኝ መቶ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ኮዱ ሦስት መያዣ ይበቃዋል። «ትንሽ» ከመቶ በታች ያለውን ይይዛል። «መካከል» ከአሥር ሺህ በታች ያለውን። «ትልቅ» የቀረውን። ሦስቱም ከዜሮ ይነሳሉ። ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ምልክት ታያለህ፦

ምልክቱ ከ፩ እስከ ፺ ከሆነ ዋጋውን «ትንሽ» ላይ ደምር።

፻ ከሆነ «ትንሽ»ን በ100 አብዛና «መካከል» ላይ ደምር። «ትንሽ» ዜሮ ከነበረ 100 ራሱን ደምር። ከዚያ «ትንሽ»ን ዜሮ አድርግ።

፼ ከሆነ ሦስቱንም ደምረህ በ10000 አብዛና «ትልቅ» ውስጥ አስቀምጥ። ድምሩ ዜሮ ከነበረ እንደ 1 ቁጠረው። «ትንሽ»ንና «መካከል»ን ዜሮ አድርግ።

ሲያልቅ የሦስቱ ድምር መልሱ ነው።

በትልቅ ቁጥር እንየው፦ ፸፰፻፩፼፺፪። ፸ እና ፰ «ትንሽ»ን 78 ያደርሱታል። ፻ ሲመጣ «መካከል» 7800 ይሆናል፣ «ትንሽ» ይጸዳል። ፩ «ትንሽ»ን 1 ያደርገዋል። ፼ ሲመጣ 7800 እና 1 ተደምረው 7801፣ በ10000 ሲበዛ 78010000። ከዚያ ፺ እና ፪ 92 ይሆናሉ። መልሱ 78010092።

የምልክቶቹን ዋጋ ከ«ዩኒኮድዴታ» አልወሰድኩም። እዚያ ፲ ሲጠየቅ 10.0 ነው የሚመለሰው፤ አስርዮሽ። ለዓመተ ምሕረት አስርዮሽ ምን ያደርጋል? ሃያውንም ምልክት ከነዋጋው በራሴ ሠንጠረዥ ጻፍኳቸው። አጭር ነው፣ ማንም አንብቦ ሊያረጋግጠው ይችላል።

መፈተኛ የሚሆነኝን ከጋሼ ሳንቲሞች አገኘሁ። በዓፄ ምኒልክ ብር ላይ ፲፰፻፹፱ ይላል፤ 1889። በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ላይ ፲፱፻፳፫ እና ፲፱፻፴፮ አሉ፤ 1923 እና 1936። ሃያ ሦስቱ የዘውድ በዓሉ የተከበረበት ዓመት ስለሆነ ከውጭም ይረጋገጣል። የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች በብረት ላይ የተቀረጹ ቁጥሮች በመሆናቸው በጣም ደስ ብሎኛል። ሦስቱም አለፉ።

እሑድ ማታ፣ ጸሐፊው

አንባቢ ብቻውን አይበቃም። ቁጥርን ወደ ግዕዝ የሚመልስም ያስፈልጋል። ለማሳየት ብቻ ሳይሆን ለማረጋገጥ።

ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ዝግጁ ደንብ አለ። የድረ ገጽ መልክ በሚወሰንበት በሲኤስኤስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ኑሜሪክ» የሚባል የዝርዝር ቁጥር ዓይነት አለ፤ የአሠራሩ ደንብም ተጽፏል። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረግህ ትከፍለዋለህ። ለክፍሎቹ ከቀኝ ከ0 ጀምሮ ተራ ትሰጣለህ። ተራው ጎዶሎ የሆነ ክፍል መጨረሻው ላይ ፻ ይጨመርለታል፤ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ግን አይጨመርም። ከ0 በስተቀር ተራው ሙሉ የሆነው ፼ ይጨመርለታል፤ ክፍሉ ባዶ ቢሆንም። ክፍሉ 01 ሆኖ ተራው ጎዶሎ ከሆነ፣ ወይም የመጀመሪያው ትልቁ ክፍል ከሆነ፣ ፩ አይጻፍም። ለዚህ ነው መቶ ፻ የሚሆነው እንጂ ፩፻ የማይሆነው። 1 ራሱ ብቻውን ሲመጣ ግን ፩ ተብሎ ይጻፋል።

ይህን ደንብ ፓይተን ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ከ1 እስከ አንድ ሚሊዮን ያለውን ቁጥር ሁሉ ወደ ግዕዝ ጽፎ መልሶ እንዲያነብ አደረግኩ። ሁሉም በገባበት ተመለሰ። የራሴ ሁለት ኮዶች እርስ በርስ መስማማታቸው ብቻውን ስለማያጠግብ ብራውዘር ላይ ዝርዝር ከፍቼ መነሻውን 1966፣ 2000፣ 10100 እያደረግኩ በዓይኔ አየሁ። ፲፱፻፷፮፣ ፳፻፣ ፼፻። ገጠመ።

የዚህ ሁሉ ሥራ ዋና ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። የተነበበውን ቁጥር መልሰህ በግዕዝ ጻፈው፤ ከምንጩ ጋር አንድ ካልሆነ ረድፉን አታሳልፈው። አንባቢው የዋህ ነው፤ የተሰጠውን ሁሉ ይደምራል። መልሶ መጻፉ ግን አጻጻፉ ደንቡን የጠበቀ መሆኑን ይመሰክራል። ይህቺ አንዲት ማነጻጸሪያ ቀጥሎ የመጣውን ጉድ ሁሉ ያዘችልኝ።

ሰኞ ማታ፣ እውነተኛው ዳታ

ኮዱን በዓ.ም. ኮለም ላይ ለቀቅኩት። አብዛኛው አለፈ። የተያዙትን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል።

፲፱፷፮ የሚል አለ። አንባቢው 85 አለ። መልሶ ሲጻፍ ፹፭ ስለሚሆን አልገጠመም፣ ተያዘ። ፩፱፮፮ የሚልም አለ። ይህኛው ድምሩ 22 ነው፤ መልሶ ሲጻፍ ፳፪። ተያዘ። ፳፲፯ የሚልም አለ፤ ድምሩ 37። ተያዘ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ደብተሩ ላይ ፲፱፷፮ የሚል አለ። ምን ለማለት ነው?»

«የቱ ጋ ነው ልጄ?»

ርዕሱን ነገርኳቸው። ደብተራቸውን ሲያገላብጡ ይሰማኛል።

«እ፣ አገኘሁት። ፲፱፻፷፮ ነው። ቸኩዬ ፻ዋን ዘልያት ነው።»

«፩፱፮፮ የሚለውስ?»

«እሱን እኔ አልጻፍኩትም። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው የታተመው። አሳታሚው የፈረንጁን አሃዝ አንድ በአንድ ወደ ግዕዝ ለውጦት ነው። እንዳለ ተወው፤ መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው።»

ይህ መልስ የዳታቤዙን ቅርጽ ለወጠው። አንድ ዓ.ም. ኮለም አይበቃም። ሦስት አደረግኩት፦ እንደተጻፈው፣ እንደተነበበው እና ሁኔታው። «እንደተጻፈው» የሚለውን ማንም ኮድ አይነካውም። «እንደተነበበው» ቁጥር ወይም ባዶ ነው። «ሁኔታው» ደግሞ በደንቡ፣ በሰው የተረጋገጠ ወይም ያልተረጋገጠ ይላል። ፩፱፮፮ እንደተጻፈው ይኖራል፤ ጎኑ 1966 ይባልና በሰው የተረጋገጠ ይላል።

ኮዱ እንደ ፩፱፮፮ ያለውን ራሱ ገምቶ 1966 እንዲያደርገው ማድረግ ይቻል ነበር። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ብቻ አራት ተከታትለው ከመጡ ዓመት ነው ማለት ቀላል ነው። ግምቱን እንዲያቀርብ አድርጌዋለሁ፤ እንዲያጸድቅ ግን አልፈቀድኩለትም። ማጽደቅ የሰው ሥራ ነው።

ደንቡን ያልጠበቁ ግን ትርጉማቸው የማያሻማ ሁለት አጻጻፎችም አሉ። አንዱ ፩፻ ነው፤ መቶ ማለት እንደሆነ የሚጠራጠር የለም። ሌላው ፪ሺ፬ ነው፤ ቁጥርና ፊደል ተቀላቅሎ። ሺ ወይም ሺህ በግዕዝ ቁጥሮች መካከል ሲመጣ «ትንሽ»ን በ1000 አብዝቶ «መካከል» ላይ እንዲደምር አደረግኩ፤ 2004 ይወጣል። እነዚህን ሁለቱን ስማቸውን ጠርቼ ፈቀድኩ። ሌላው ሁሉ ይያዛል።

ማነጻጸሪያው የማይዘው ነገርም አለ። ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ ይመሳሰላሉ። ፲፱፻፷፮ የነበረው ፲፱፻፷፯ ሆኖ ቢገለበጥ ሁለቱም ደንቡን የጠበቁ ቁጥሮች ናቸው። ይህን የሚይዘው ከደብተሩ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። በ፮ ወይም በ፯ የሚያልቁትን ረድፎች ለይቼ ለልጅ ልጃቸው ላክሁላት፣ ከደብተሩ ጋር እንድታያቸው።

ረቡዕ፣ ማስታወሻ የሚለው ኮለም

ጋሼ በማስታወሻው ኮለም ላይ እንዳመጣላቸው ነው የጻፉት። «መስከረም ፪ ቀን ፲፱፻፷፯ የወጣ ጋዜጣ» የሚል አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱበት ዕለት። «ማቴ. ፭፥፫ን ተመልከት» የሚልም አለ።

ከጽሑፍ መሀል ቁጥር ማውጣት ያስፈልጋል። መደበኛው የፓይተን የአሃዝ ፍለጋ ምልክት ዴሲማልን ብቻ ስለሚፈልግ አንዱንም አያገኝም። ስለዚህ ከ፩ እስከ ፼ ያለውን ክልል በቀጥታ ጽፌ ተከታታይ የሆኑትን ብቻ እንዲያወጣ አደረግኩ። ምልክቶቹ ዩኒኮድ ላይ ተከታትለው ስለተቀመጡ ይህ ቀላል ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሥርዓተ ነጥቡ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ስናጸዳ ፡ን እና ፥ን አስቀድሞ መሰረዝ የተለመደ ነው። እዚህ አያዋጣም። ፭፥፫ መሀሉ ከተሰረዘ ፭፫ ይሆናል፤ አንባቢው ደምሮ 8 ይላል። ምዕራፍና ቁጥር ተጋጭተው ሌላ ምዕራፍ ይወልዳሉ። ስለዚህ ነጥቦቹ እንደ ወሰን ይቆያሉ፤ ፭ ለብቻው፣ ፫ ለብቻው ይነበባል። በድሮ አጻጻፍ ፲፱፻፷፮፡ዓ፡ም ሲል ግን ፡ የምትመጣው ከቁጥሩ በኋላ ስለሆነ ወሰን መሆኗ አይጎዳም።

የዘመን አቆጣጠሩን በዚህ ኮድ ውስጥ አላስገባሁም። 1889 ሲነበብ 1889 ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር ከተፈለገ ወሩ መታወቅ አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8። መስከረም ፪ ቀን 1967 በፈረንጆቹ 1974 ነው፤ የዚያው ዓመት ግንቦት ግን 1975 ነው። ሳንቲም ላይ ወር የለም። ስለዚህ 1889 በፈረንጆቹ «1896/97» ተብሎ ብቻ ነው ሊጻፍ የሚችለው። ዝም ብሎ 8 የሚደምር ካታሎግ ብዙ አይቻለሁ፤ ያናድዳል።

ሐሙስ፣ መፈለጊያው ገጽ

ሰዎች 1966 ብለውም፣ ፲፱፻፷፮ ብለውም መፈለግ መቻል አለባቸው። እዚህ የሚሠራው የብራውዘሩ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ነው፤ እሱም የራሱ ጠባይ አለው።

«ናምበር» ለግዕዝ ቁጥር ናን ይመልሳል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግልጽ ነው። «ፓርስኢንት» ግን አደገኛ ነው። አንድ ሰው 19፷፮ ብሎ ቀላቅሎ ቢጽፍ የሚያውቀውን አንብቦ የቀረውን ይተወዋል፤ 19 ይመልሳል። ቁጥር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ «ፓርስኢንት»ን አልነካሁም። አንባቢውን ከነማነጻጸሪያው ወደ ጃቫስክሪፕት ገለበጥኩ።

የመጻፊያ ሳጥኑንም የቁጥር ዓይነት አላደረግኩትም። ብራውዘሩ የቁጥር ሳጥን ውስጥ የግዕዝ ቁጥርን እንደ ትክክለኛ ዋጋ አይቆጥርም፤ ኮዱ ጋ ባዶ ሆኖ ይደርሳል። ተራ የጽሑፍ ሳጥን ይሻላል።

ለማሳያ «ኢንትል» የሚባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ይኖራል። አይጠቅምም። የሚቀበለው አንድ ለአንድ የሚተኩ አሃዞችን ብቻ ነው፤ የኛ ደግሞ ስሌት ይፈልጋል። እሑድ የጻፍኩትን ጸሐፊ ገልብጬ ተጠቀምኩ። አሁን ገጹ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ፤ እንደተጻፈው በትልቁ፣ የተነበበው በትንሹ።

ቅዳሜ

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ቅደም ተከተል። ዓ.ም. ኮለሙን በግዕዙ ጽሑፍ ብቻ ብትደረድረው እንኳ በትክክል ይደረደራል። ፲፰፻ ከ፲፱፻ በፊት፣ ፲፱፻ ከ፳፻ በፊት፤ የዩኒኮዱ ቅደም ተከተል ለነዚህ ዓመታት ከዋጋው ጋር ይገጥማል። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ለምን ቁጥር ማድረግ አስፈለገ?» ሊል ይችላል። ገጽ የሚለውን ኮለም ይደርድረው። ፪፻፲፬ ገጽ ያለው መጽሐፍ ፫ ገጽ ካላት በራሪ ጽሑፍ በፊት ይመጣል፤ ፪ ከ፫ ስለሚቀድም። ስለዚህ መደርደሪያው ሁልጊዜ የተነበበው ቁጥር ነው። ያልተነበቡት ከታች ይቀመጣሉ፤ አይደበቁም።

ፈተናዎቹን በአንድ ፋይል ሰብስቤያለሁ። ሳንቲሞቹ አሉ፣ ፸፰፻፩፼፺፪ አለ፣ ፼፻ አለ፣ ፩፻ እና ፪ሺ፬ አሉ። መያዝ ያለባቸውም አሉ፦ ፲፱፷፮፣ ፩፱፮፮፣ ፳፲፯፣ ፭፫። ኮዱን የሚነካ ሰው መጀመሪያ እነዚህን ያስኬዳል። ያልተረጋገጡት ረድፎች ለብቻቸው ታትመው ጋሼ ጋ ሄደዋል፤ እርማቱን በእስክሪብቶ ጠርዙ ላይ ጽፈው እንደሚመልሱልኝ ነግረውኛል። ከዚያ የልጅ ልጃቸው ታስገባዋለች፤ የማስገቢያው ገጽ መልሶ መጻፊያውን እዚያው ስለሚያሳያት ፻ ብትዘለል ወዲያው ታየዋለች።

ቀጣዩ ሥራ ቀኖቹ ናቸው። «መስከረም ፪ ቀን» የሚለውን ከወሩ ጋር አያይዞ ማንበብ። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ መሆኗን ኮዱ ማወቅ አለበት፤ ጋሼ ጳጉሜን ፮ የሚል ቁርጥራጭ አላቸውና በሱ እጀምራለሁ።